ጡቡን የሚያስቀምጠው ማነው?

ጎረቤቶቼ «ኮማንደር» ይሉኛል። በፊት በሌለሁበት ነበር፤ አሁን ፊት ለፊት ሆኗል። ወታደር ቤት ደጃፍ እንኳ ደርሼ አላውቅም። ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ የሰው ክንድ በላስቲክ አስራለሁ፣ ደም ሥር ፈልጌ እቀዳለሁ፣ ብልቃጥ ላይ ስም እጽፋለሁ። ቅጽል ስሙ የወጣልኝ የሕንፃችንን ዋና በር «ዝጉ! ዝጉ!» እያልኩ ስለምጮህ ነው።

ሕንፃችን አራት ፎቅ ነው፤ አሥራ ሁለት ቤት አለው። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ስርቆት በዛ። ከጎናችን ያለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ልብስ ከነገመዱ ተወሰደ። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረውን አስተማሪ ደግሞ ከኋላዋ ተከትሏት የገባ ሰው ደረጃው ላይ ቦርሳዋን ነጠቃት። «ጎረቤት መስሎኝ በሩን ይዤ ያሳለፍኩት እኔው ነኝ» ብላ ለሳምንት አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ፖሊስ ሳጅን መጥታ ደረጃችን ሥር ሰበሰበችን። ቀጠን ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት።

«ሌባ በር መስበር አይወድም» አለች። «ይደክማል፣ ይሰማል። ክፍት በር ነው የሚፈልገው። የዚህ ሕንፃ ዋና በር የሚቆለፈው ስንት ሰዓት ነው?»

እርስ በርሳችን ተያየን። አንዱ ከኋላ «ቁልፉ ከተበላሸ ሦስት ዓመቱ ነው» አለ፤ የሦስት ዓመት ልጅ ዕድሜ የሚናገር ይመስል ኩራት ቢጤ አለበት።

ሳጅኗ ኮሚቴ ምረጡ ስትል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ በዚያች ቅጽበት ጉሮሮዬን ከረከረኝና ሳልኩ። «እሷ ልትናገር ነው!» አሉ። በቃ፣ ተመረጥኩ። በሳል የተመረጠ የኮሚቴ ሰብሳቢ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ቁልፍ አስገጠምኩ። ጠንካራ የብረት ቁልፍ ነው፤ በሩ ራሱን ይዘጋል፣ ከውስጥ በእጀታ ይከፈታል፣ ከውጭ ግን ቁልፍ ከትቶ ሁለት ጊዜ ማዞር ያስፈልጋል። ሲዞር ይጠጥራል። ቁልፍ ሠሪው «ጠንካራነቱ ነው ጥቅሙ» አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ለየቤቱ ቁልፍ አከፋፈልኩ። በሩ ላይ ቆሜም «በሉ እንግዲህ፣ አሁን ተረጋግታችሁ ተኙ» አልኩ። ይህቺን ቃል ያልኩበትን ቀን ኋላ ረግሜዋለሁ።

አባቴም የራሱን ቁልፍ ተቀበለ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ሱቁ ከልብስ ቁም ሣጥን ብዙም አይሰፋም ነበር። ሰፈርተኛው «ጋሼ ሰዓቱ» ይለዋል። ከሁለት ዓመት በፊት «ዓይኔ ደከመ» ብሎ ሱቁን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይወርድና ጥጉ ላይ ካለው ጋዜጣ ሻጭ ዘንድ ከእኩዮቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዓለምን ሲያስተካክል ቆይቶ ስድስት ሰዓት ላይ ይመለሳል። ቁልፉን አገላብጦ አየውና «ጥሩ ቁልፍ ነው» ብሎ ደረት ኪሱ ከተተው።

በሁለተኛው ሳምንት መነጽሬን ረስቼ ከሥራ ብመለስ ዋናው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እንዳይዘጋ ጡብ ተደግፎበታል። ደሜ ፈላ። ጡቡን አንስቼ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወረወርኩት። በማግስቱ ሆን ብዬ በዚያው ሰዓት ብቅ ብል ሌላ ጡብ። ወረወርኩት። በሦስተኛው ቀን ሌላ። ከሕንፃው ጀርባ ከአጥር ሥራ የተረፈ የጡብ ክምር አለ፤ ያንን ሁሉ ልወረውር ብነሳ ወገቤ እንጂ ጡቡ አያልቅም።

ማስታወቂያ ለጠፍኩ። የመጀመሪያው «እባካችሁ» ይል ነበር። ሁለተኛው «እባካችሁ» አይልም። ሦስተኛውን በቀይ ጻፍኩት፦ «ይህን በር ከፍቶ የሚተው ሰው ሌባን በእጁ ጋብዞ እንዳስገባ ይቆጠራል!» በማግስቱ ከሥሩ በእርሳስ «አቤት ኮማንደር» ተብሎ ተጽፎበት አገኘሁ።

ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጡረተኛ «እኔ ጡብ የማነሳበት ወገብ አለኝ?» አለ። ከእሱ ፊት ለፊት ያለችው «ጡብ? የምን ጡብ?» አለች፤ በየቀኑ ተራምዳው ነው የምታልፈው። አራተኛ ፎቅ ያለችው ወይዘሮ ደግሞ አቀፈችኝና «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይሄ ነው።

አባቴ ማታ በቀይ የተጻፈውን ማስታወቂያ ጉዳይ አንስቶ «ቀዩን አበዛሽው፣ ልጄ» አለኝ።

«ጥቁሩን መች አነበቡት!»

«አንዳንድ ሰው ችግር ይኖርበት ይሆናል።»

«ምን ችግር? ቁልፍ ከትቶ ማዞር ነው! ሕፃን ይችለዋል!»

ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ፉት አለ። እኔም ድል ያደረግሁ መሰለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ሥራዬ ከሰዓት ስለነበር አባቴ ከወጣ በኋላ ለዕቃ ግዢ ስወርድ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረውን የታክሲ ሹፌር በሩ ላይ አገኘሁት። ሌሊት ሲሠራ አድሮ የሚገባው በዚያ ሰዓት ነው። ጡቡን በሁለት እጁ ይዞታል።

«አገኘሁህ!» አልኩ።

«ላነሳው ነው፣ እህቴ። ይኸውልሽ፣ ነገሩ—»

«ሁሉም ላነሳው ነው ይላል!»

«አንዴ ስሚኝማ—»

«ማስታወቂያው ላይ ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ እሱን አንብብ» ብዬ አለፍኩ። ሰው እጅ ከፍንጅ ከተያዘ በኋላ የሚያወራውን መስማት ለእኔ ጊዜ ማባከን ነበር።

ከዚያ ሳምንት አልሞላም። ረቡዕ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሌባ ገባ።

ምድር ቤት የምትኖር ልብስ ሰፊ አለች። አንዷ ክፍል መኝታዋ ናት፣ አንዷ የሥራ ቦታዋ። ሁለት ልጆቿን በዚያች ማሽን አስተምራለች። የዚያን ቀን ረፋድ የመጋረጃ ልክ ለመውሰድ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ሃያ ደቂቃ ብትቆይ ነው። ስትመለስ የስፌት ማሽኗ የለም፤ ተሰፍተው ያለቁ አሥራ አንድ የተማሪ የደንብ ልብሶች የሉም፤ መተኮሻዋም የለም። ዋናው በር ሥር ጡቡ ተጎልቷል።

ከክሊኒክ ተጠርቼ ስደርስ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ቆማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ማሽኑ የቆመበት አራት ክብ ምልክት ቀርቷል።

«ክፍልሽን አልቆለፍሽውም?» አልኳት። ሰው በዚህ ሰዓት የማይጠየቀውን ነው የጠየቅሁት።

«ዋናው በር ተቆልፏል ብዬ ነዋ!» ጮኸችብኝ። «ድሮ ቁልፍ ሳይኖር ውኃ ልቀዳ ስወጣ እንኳ እቆልፍ ነበር! ‹ተረጋግታችሁ ተኙ› ያልሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ?»



በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰዉ ሁሉ ደረጃው ሥር ተሰበሰበ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ማስታወቂያዬን አንድ ቀን አንብቦ የማያውቅ ሁሉ ስለ በር መዘጋት ሊያስተምረኝ ተነሳ። ሳጅኗ ጥግ ላይ ቆማ ማስታወሻ ትጽፋለች። አባቴ ወንበር ተሰጥቶት መካከል ተቀምጧል። ሹፌሩ ግድግዳ ተደግፏል።

«ጡቡን ያስቀመጠው ማነው?» አለች ሳጅኗ።



«እኔ አውቃለሁ» አልኩ። እጄ ወደ ሹፌሩ ተዘረጋ። «ባለፈው ሳምንት ጡቡን በእጁ ይዞ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። በዚያ ሰዓት የሚገባ ከእሱ ሌላ ማን አለ? ሌሊት ሠርቶ ሲመጣ ቁልፍ ማዞር ደክሞት ነው!»

ሰዉ አጉረመረመ። «እውነት ነው፣ እሱ ነው በዚያ ሰዓት የሚመጣው» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ልጄ» አለ አባቴ።

«ቆይ አባባ።»

«ልጄ፣ እኔ የምለው—»

«አባባ፣ እባክህ! አንተ እዚህ ነገር ውስጥ አትግባ!»

ሹፌሩ አላየኝም። አባቴን ነበር የሚያየው። አባቴ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እጆቹን ጭኖቹ መሃል ከተታቸው። ሹፌሩ ከግድግዳው ተነሳና «ያልሽው ይሁን» አለ፤ ደረጃውን ወደ ላይ ወጣ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋም።

እኔማ ይህን እንደ ማመን ቆጠርኩት። በዚያ ላይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡቡ ጠፋ! አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት፤ በሩ ግጥም እንዳለ ነው። «አያችሁ?» እላለሁ ያገኘሁትን ሁሉ። «ስሙን ስጠራ ጡቡም አብሮ ጠፋ።» ሳጅኗ ሹፌሩን ሁለት ጊዜ ጣቢያ ጠርታ ቃሉን ተቀበለች። ሰፈርተኛው ሰላምታ ነሳው። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጡረተኛ ይባስ ብሎ «ከሌባው ጋር ተካፍሎ ይሆናል» ማለት ጀመረ፤ እኔም ይህን ስሰማ «ይህንስ አላልኩም» አልኩ እንጂ ዝም በል አላልኩትም።

አባቴ ደግሞ መውጣት ተወ። «ጉልበቴን አሞኛል» አለ። አራት ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ሥር ይቀመጥና ወደ አግዳሚው አቅጣጫ ያያል። ከእኩዮቹ አንዱ ደውሎ «ምነው ጠፋህ?» ሲለው ሰማሁ፤ «ጉንፋን ነው» አለው። ለእኔ ጉልበት፣ ለጓደኛው ጉንፋን።

«ሌባ ፈርተህ ነው አይደል?» አልኩት። «አትፍራ፣ በሩ አሁን ተቆልፏል።»

«እሱስ ተቆልፏል» አለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የደም ግፊቱን ለማስለካት በግድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ስንመለስ ገበያ ገባንና በሁለቱም እጄ ከረጢት ተሸክሜያለሁ፤ በብብቴ ደግሞ የሳሙና ካርቶን ይዣለሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዋናው በር ጋ ስንደርስ «አባባ፣ ክፈትልኝ» አልኩት።

ቁልፉን ከደረት ኪሱ አወጣ። እሱን ለማውጣት ራሱ ብዙ ቆየ። ወደ በሩ ተጠጋ። ቁልፉ ብረቱን መታው፤ ቀዳዳውን ስቶ በላይ፣ ከዚያ በታች፣ ከዚያ በጎን።

«ፍጠን እንጂ አባባ፣ ክንዴ ሊበጠስ ነው!»

«እሺ፣ እሺ።»

በግራ እጁ ቀኝ እጁን ያዘ። እንደምንም ገባለት። ሊያዞር ሞከረ፤ እጁ ከክርኑ ጀምሮ ተንቀጠቀጠ፣ ቁልፉ ወጥቶ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል ጣቶቹ መሬት ላይ ቁልፉን ይገፉታል እንጂ አያነሱትም።

ከረጢቶቹን ለቀቅኋቸው። ምን እንደተሰበረ አላየሁም።

በቀን ሠላሳ ሰው «እጅዎን ዘና ያድርጉ» የምል ሴት ነኝ። የሰው እጅ ሳይ ማን እንደሚፈራ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ቁርስ እንዳልበላ ለይቼ አውቃለሁ። የገዛ አባቴ ሻዩን በሁለት እጁ የሚይዘው ስለሚበርደው ይመስለኝ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ቆይቷል።»

«ሱቁን የዘጋኸው—»

«ዓይኔ አልነበረም።» ግድግዳውን ይዞ ቀና አለ። አላየኝም። «ጡቡን የማስቀምጠው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ደርሶ መልስ ነው ብዬ ነው። መጀመሪያ ሰው እስኪመጣ ውጭ እየቆምኩ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። የሚያልፈው ሁሉ ‹ጋሼ፣ ቁልፍ ረሱ እንዴ?› ይለኛል፤ ‹አዎ፣ ረሳሁ› እላለሁ። ስንት ጊዜ ይረሳል?»

መናደዴን አልደብቅም። አዘንኩም፣ ተናደድኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ሴት ልጅህ ነኝ! ቁልፉን ያስገጠምኩት እኔ ነኝ! በአንድ ቀን አስቀይረው ነበር!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ቁልፍ ማዞር አቃተኝ ብዬ?» እጁን አየው። «በዚህ እጅ ከሽንብራ ያነሰች የሴት ሰዓት ፈትቼ እገጥም ነበር። አንቺ ደግሞ ‹ሕፃን ይችለዋል› አልሽኝ።»

ቃሉ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብዬ የወደቀውን ቁልፍ አነሳሁ።

«ያን ቀን በሰው ፊት ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ» አለ። «ሁለቱን አንቺ ዘጋሽኝ። ሦስተኛውን ግን እኔ ራሴ ነኝ የፈራሁት። በአንቺ አላሳብብም። ያንን ሹፌር ልጅ አስበላሁት።»

ከረጢቶቹን እንደተበተኑ ትቼ ቤት አስገባሁትና ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። አንኳኳሁ። ሹፌሩ ዓይኑ በእንቅልፍ አብጦ በሩን ከፈተ። ሲያየኝ ሊዘጋው ምንም አልቀረውም።

«አባቴ ነው» አልኩ። «ጡቡን ያስቀመጠው አባቴ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?!»

«ሥራ ጨርሼ ስመጣ በተደጋጋሚ አይቻቸዋለሁ። ጡቡን በእጃቸው አይደለም የሚያመጡት፤ በእግራቸው እየገፉ ነው። አንድ ሁለት ቀን አንስቼው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እስኪመለሱ ጠበቅኋቸው፤ ስከፍትላቸው ‹ደግ ጊዜ መጣህ› ይሉኛል፣ እኔም አሁን የመጣሁ አስመስላለሁ። በየቀኑ ግን አልቻልኩም። ያን ረቡዕ ደክሞኝ ተኛሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ሳቀ፤ ግን ሳቁ ደስ አይልም። «ጡቡን ይዤ ያገኘሽኝ ቀን ልነግርሽ ነበር። ማስታወቂያ አንብብ ብለሽኝ ሄድሽ።»

«በስብሰባው ላይስ?»

«እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ‹አባትሽ ነው› እንድልሽ ነበር የፈለግሽው? እሳቸው ተቀምጠው?»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩ። 

«ተናድጄብሻለሁ፣ እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው። ጣቢያ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። እዚህ ደረጃ ላይ የሚያየኝ ሁሉ ኪሱን ነው የሚዳብሰው። አሁን ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱ ንገሪያቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እሺ፣ እንግዲህ ልተኛ» አለና ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያው ሰው፣ ያው ደረጃ ሥር። ለሳጅኗም ደወልኩላት፣ መጣች። አባቴን «አንተ ቤት ቆይ፣ እኔ እናገራለሁ» ብለው «አሁንም ልትዘጊኝ ነው?» አለኝ። ወንበሩን ይዤለት ወረድኩ።

መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ። ያልሠራውን ሰው እንደከሰስኩ፣ ሊያስረዳኝ ሲል እንዳልሰማሁት፣ ስሙን እንዳጠፋሁ በየተራ ተናገርኩ። ሹፌሩ እዚያው ግድግዳው ጋ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ከሌባው ጋር ተካፍሏል ያለው ጡረተኛ ድንገት ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ከዚያ አባቴ ቆመ። እጆቹን አልደበቃቸውም፤ ፊቱ አድርጎ ይዟቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ልብስ ሰፊዋን እያየ ተናገረ።

«ማሽንሽን ያስወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። ይህን እጅ ሰው እንዳያየው ብዬ የሁላችሁንም በር ከፍቼ ሄድኩ። ይቅርታ በዪኝ፣ ልጄ። ባትዪኝም ትክክል ነሽ።»

ሁላችንም እሷን አየን። እንደ ተረት ቢሆን ተነስታ ታቅፈው ነበር። አላቀፈችውም። ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ልጆች ያለ ደንብ ልብስ ትምህርት ቤት ሄደዋል» አለች። «እናቶቻቸው በየቀኑ ይመጣሉ። ቀን የሰው ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ በተዋስኩት ማሽን የእነሱን እሰፋለሁ። ስለ እጅዎ አዝኛለሁ። ግን አሁን ምንም አይደለም ልልዎት አልችልም፤ አይወጣልኝም።»

«አትበዪኝ» አለ አባቴና ተቀመጠ።

ከዚያ የሆነውን ብናገር ማንም አያምነኝም። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው፣ «የምን ጡብ?» ያለችኝ ሴት፣ «እውነቱን ለመናገር እኔም ጡቡን ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁለት እጄ ዕቃ ይዞ ቁልፍ ከየት አባቴ ላውጣ?» አለች። ሌላው «እኔም አንድ ሁለት ጊዜ ወድቆ አግኝቼ መልሼ አስደግፌዋለሁ» አለ። አራተኛ ፎቅ ያለችው ወይዘሮ ቁልፏ ከጠፋባት ሁለት ወር እንደሆናት፣ «አንቺን ፈርቼ» እንዳልነገረችኝ ተናዘዘች። አሥራ ሁለት ቤት፣ አሥራ ሁለት ምክንያት! ቀይ ቀለሜን ሳስብ ራሴን ግድግዳው ላይ ላጋጨው አማረኝ።

ሳጅኗ ማስታወሻዋን ዘጋች። «እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች። «ባለፈው ስመጣ ስለ ሌባው ብቻ ነው ያወራሁት። በሩን መክፈት የሚያቅተው ሰው አለ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ሰው የሚያስቸግረውን በር ክፍት ይተወዋል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ደግሞም ዋናው በር ተቆለፈ ተብሎ የራስ በር ክፍት አይተውም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።»

ቁልፉን አስቀየርን። አዲሱ ማዞር የለውም፤ ክብ፣ ቁልፍ መያዣ ላይ የምትንጠለጠል ነገር ጠጋ ሲያደርጉት ጢጥ ብሎ ይከፈታል። የሚንቀጠቀጥ እጅም ጠጋ ማድረግ አያቅተውም። ዕቃ የተሸከመም በክርኑ ይገፋዋል። ለየቤቱ ደወል ተገጠመ። አባቴን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን አላጠፋውም፣ ትንሽ አስታገሠው። አግዳሚው ላይ ተመልሶ ዓለምን ማስተካከሉን ቀጥሏል። ማሽኑ አልተገኘም። ሌባውም አልተያዘም። ሳጅኗ ከደንብ ልብሶቹ አራቱን ሩቅ ካለ ገበያ አግኝታ አመጣች፤ ያ ብቻ ነው የተመለሰው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው ተምሯል ብላችሁ እንዳታስቡ። ባለፈው ሳምንት አራተኛ ፎቅ ያለችው ወይዘሮ የውኃ ታንከር ላጥብ ነው ያለ የማታውቀውን ሰው በደወሉ ከፍታ አስገባችው።

«መታወቂያ ጠየቅሽው?» አልኳት።

«ኧረ ምን መታወቂያ! በጣም ትሑት ነበር እኮ።»

«የማን ታንከር? ታንከር አለን እንዴ እኛ?»

አሰበች። «የለንም ለካ» አለች። ደግነቱ ሹፌሩ ደረጃው ላይ አግኝቶት «ማንን ፈለግህ?» ሲለው ሰውየው ተመልሶ እየሮጠ ወጥቷል። ሹፌሩ ይህን የነገረው ለአባቴ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። እኔን ሲያየኝ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር እስካሁን የለም። አልፈርድበትም።

ልብስ ሰፊዋ ከሦስት ወር በኋላ ማሽን ገዛች። እስከዚያ ድረስ አባቴ «እንደምን አደርሽ» ሲላት «ደኅና» ብላ ፊቷን ታዞር ነበር። ትናንት እኩለ ቀን ላይ አባቴ ከአግዳሚው ሲመለስ በሯ ላይ ቆማ አገኘችው። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ከላይ እስከ ታች አየችውና ተቆጣች፦

«ጋሼ፣ ይሄ ሸሚዝ ምንድን ነው? ቁልፎቹን ሁሉ አዛንፈው ነው የቆለፉት!»

አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ ደነገጥኩ፤ ከቤት ስንወጣ አጠገቡ ነበርኩ፣ አላየሁም።

«ሸሚዞችዎን በሙሉ ይላኩልኝ» አለች። «ቁልፉን አንስቼ ጫን ሲሉት የሚገጥም አደርግበታለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ዛሬውኑ አምጪያቸው። ‹ነገ› እንዳትዪኝ፤ ሥራ ይበዛብኛል።»

እኔም ሮጬ ወጥቼ የአባቴን ሸሚዞች ማውጣት ጀመርኩ። ዘጠኝ ሆኑ።